ቤቷ እየጨሰ እሳት የለመነችኝ ሴት

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ መስከረም ሊጠባ ሲል ነው። ከልቤ ያልወጣበት ምክንያት አለኝ። ጠዋት ከደጄ ቆሜ ወደ ታች ስመለከት የጎረቤቴን የትርንጎን ቤት አያለሁ። ጢሱ በክዳኑ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ዛሬም እደነግጣለሁ።

ያኔ ለሰው መናገር አይቻልም ነበር። አሁን ጣሊያን ወጥቷል፤ የምንፈራውም ሰው አገር ለቋል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ለባል ስለ ሰጡኝ ትምህርቴ እዚያው ቀረ። ቃሌ ቢጣመም አንባቢ ያቃናልኝ።

አገሬ ጎጃም ነው። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር ሲሄዱ ከመንገዱ ራቅ ብላ ከገደል አፋፍ ላይ ያለች ናት። ባሌ ጣሊያን ሳይመጣ ወደ ቆላ ለንግድ ወርዶ ወባ ይዞት ቀረ። የተረፈኝ አንድ ልጄ እንየው ነው። እሱም ጢሙ ሳይሞላ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ።

ያን ዘመን መስጠት ሰልችቶኝ ነበር። ከጫካ ይመጡና ስንቅ ይላሉ፤ እንፈጫለን። ከጣሊያን ምሽግ ይመጡና ለበቅሎ ገብስ፣ ለአለቃቸው ዶሮ ይላሉ፤ እናወጣለን። ቤቱ የተቃጠለበት ስደተኛ ልጆቹን አስከትሎ ከደጅ ይቆማል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አንዱን ሸኝቼ ሳልቀመጥ ሌላው ይመጣል። ደከመሽ ወይ ያለኝ ግን አንድ ሰው አላስታውስም።

ይህንኑ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ አድማሱ ነገርኋቸው። «አባቴ፣ ከእንግዲህስ ጎታውም አልቋል፣ እኔም አልቄያለሁ» አልኋቸው።

«ጎታው ቢያልቅ አንቺ አለሽ» አሉኝ። «ክርስቲያን እህል ቢያልቅበት መስጠቱ አያልቅበትም። በጆሮሽ ስጪ፣ በፊትሽ ስጪ። ስለ ሰው የምታውቂውን ክፉ ነገር ዝም ብለሽም ስጪ።»

«እርስዎ ስለማይፈጩ ነው እንዲህ የሚሉ» አልኋቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ድካሙ ግን አለቀቀኝም።

ክረምቱ እንደ ገባ እንየውን ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ጥይት ጭኑን በስቶት ነበር። ጠላት እየተከተላቸው ስለ ነበር ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ትተውልኝ ሄዱ። እኔም ከጓዳ፣ በጎታውና በግድግዳው መካከል፣ ገለባ ጎዝጉዤ አስተኛሁት። ከመምሬ አድማሱ በቀር ማንም እንዳያውቅ አደረግሁ። ቀን ቀን ሲያቃስት እህል ፈጭቼ በወፍጮው ድምፅ እሸፍነዋለሁ። የምፈጨው ሲያልቅ የተፈጨውን መልሼ እፈጫለሁ።

አሁን ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ ከእኔ ቤት በታች ያለች ልጅ እግር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ቢያድግልኝ ለጣሊያን አድሮ ባንዳ ሆነ። የእሱ ነገር በታወቀ ጊዜ የመንደሩ ሽማግሎች ተሰብስበው በቤቱ ላይ እሳትና ውኃ ከለከሉ። ይህ ያባቶች ፍርድ ነው። የተፈረደበት ቤት ሰው ከምንጭ የሚቀዳው ሌላው ሳይመጣ ወይም ሌላው ከሄደ በኋላ ነው፤ ከጎረቤት እሳት አይጭርም፤ ቢሞትበትም ቀባሪ አይደርስለትም። ቢያድግልኝ የሚውል የሚያድረው ከምሽጉ ስለ ሆነ ፍርዱ የወደቀው በሚስቱ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ከአራስ ቤት ገና መውጣቷ ነበር።

እሳት መጫርን ለማያውቅ የከተማ ሰው ላስረዳ። እኛ ማታ ፍሙን በአመድ እናዳፍነዋለን፤ ጠዋት ገልጠን እናቀጣጥለዋለን። እሳቱ የጠፋበት ሰው ገል፣ ማለት የሸክላ ስባሪ ይዞ ጎረቤት ይሄዳል። ለማኙ ራሱ ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ይልና ፍሙን መርጦ ይጭራል። እግረ መንገዱን ወሬም ይጭራል። ፍም ከደጅ አይሰጥም። ከደጅ መስጠት ቤቴ አትግባ ማለት ነው፤ ከስድብ ይከፋል።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ ትርንጎ ልጇን አዝላ፣ ገሏን በቅጠል ሸፍና ከአጥሬ ውጭ ቆማ አየኋት። ባሏ ከምሽጉ ክብሪት ያመጣላት ነበር። እሱ ወደ ጉንደ ወይን ዘምቶ ሰንብቷል፤ ክብሪቱም በእርጥበት ተበላሽቷል።

«እትዬ» አለችኝ። «እሳት አጥቼ ነው። ልጄን በረደው።»

ብከለክላት ሕፃኑ ታየኝ። ባስገባት ልጄ ከጓዳ አለ። ብሰጣት ደግሞ መንደሩ ይሰማል። በዚያ ላይ እንየው ሌሊቱን በትኩሳት ሲቃዥ አድሮ እኔም ዓይኔን አልከደንሁም። ማሰቡ ራሱ አደከመኝ።

«እዚያው ቁሚ» አልኋት። ገሏን ተቀብዬ ገባሁና ፍም ሞልቼ ከደጅ ሰጠኋት።

ስድብ እንደ ሆነ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «እሳትሽ አይጥፋ፣ እትዬ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እሳቷ በጠፋ ቁጥር ትመጣለች፤ እኔም ከደጅ እሰጣታለሁ። ወሬው አልዘገየም። ከምንጩ ዳር፣ ጥሩዬ የምትባለው የላይ ጎረቤቴ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ያዘችኝ። ጥሩዬ ምላሷ ጅራፍ ነው።

«ለባንዳ ሚስት ፍም ትዘግኛለሽ አሉ» አለችኝ። «ነገ ደግሞ አህያሽን ከደጅ አስረሽ ጅቡን ጥሪዋ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እንስራዬን አዝዬ ወጣሁ። ጓዳዬን ብታይ ምን ትል ይሆን እያልሁ ነበር የምሄድ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደ። ትርንጎ ከእኔ የወሰደችው ፍም ቤቷ ሳትደርስ ጠፋባት። ተመልሳ መጣች። ሕፃኑ ከጀርባዋ ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኗል። ያን ጊዜ «እዚያው ቁሚ» የምልበት አቅም አጣሁ። «ግቢ» አልኋት።

ገብታ ከምድጃው ዳር ተቀመጠች። ልጇን አሞቀች። ቤቱ ለልጄ ቁስል የማስረው ቅጠል ይሸታል፤ ምንም ባደርግ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ወዲያው እንየው ከጓዳ ሳለ። ሳሉን ሊይዘው ሲል ጭራሽ ታነቀ።

እጄ ላይ የያዝሁት ማንኪያ ወደቀ። ትርንጎ ቀና አላለችም። ፍሟን አንድ በአንድ እየመረጠች በገሏ ላይ ትደረድራለች። ሲበቃት ተነሣችና «አይጥ በዝቶብሻል መሰለኝ፣ እትዬ። እኔም ቤት እንዲሁ ነው» ብላኝ ወጣች።

እንግዲህ ይህን ቃል ወዲያ ብገለብጠው ወዲህ ብገለብጠው አልገባኝም። አውቄብሻለሁ ማለቷ ነው ወይስ አልሰማሁም ማለቷ? ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ከደጅ እቆማለሁ። እንየውን ላውጣው ብል አይራመድም። መምሬ አድማሱም «እያነከሰም ቢሆን እስኪራመድ ድረስ ታገሽ» ከማለት በቀር ዘዴ አልነበራቸውም።

ጳጉሜ መጣች። ዝናቡ ቀለል አለ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥሩዬ ከእኔ ጓሮ ጎመን ልትቀነጥስ መጥታ ከአጥሩ ሥር ቆመን ስናወራ ትርንጎ ዳገቱን ስትወጣ አየናት። ልጇን አላዘለችም። ገሉን ግን ይዛለች።

እኔ ወደ ታች ተመለከትሁ። የቤቷ ክዳን እየጨሰ ነው። እንዲያው ተራ ጢስ አይደለም፤ ድግስ ያለበት ቤት ጢስ ነው። ከግቢዋ በቅሎዎች ታስረዋል።

ጥሩዬ አላስቻላትም። «አንቺ፣ ጢስሽ ሰማይ ደርሶ ነው እሳት የምትለምኚ?» አለቻት። «እንግዲህ እሳት ብቻ ሳይሆን አመድም አምሮሽ ይሆናል።»

ትርንጎ እኔን ነው ያየች። «እትዬ፣ እሳት ስጪኝ» አለች። «ዛሬ እንግዳ መጥቶብኛል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። «ግቢና ጫሪ» አልኋት፤ ተከትያት ገባሁ። ከምድጃው ቁጢጥ ብላ ፍሙን ጫረች። ቀና ሳትል በሹክሹክታ «ስለ እንየው ሰምተዋል። ምሳቸውን እስኪበሉ ነው። ከዚያ ወደ አንቺ ነው የሚመጡ» አለችኝ። ገሏን ሞልታ ወጣች። ቤቷ እሳት ሞልቶ ሳለ የእኔን ፍም ተሸክማ ወደ ወታደሮቹ ወረደች፤ ለሌላው ምድጃ እሳት ላምጣ ብላ ነበርና የወጣች፣ ባዶ እጇን ብትመለስ የት ነበርሽ ይሏታል።

እኔ ብቻዬን ልጄን መሸከም አልችልም። ጥሩዬን በእጇ ይዤ ወደ ጓዳ አስገባኋት። እንየውን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ደብቀሽ» አለችኝ። «እኔ እኮ ያን ሁሉ የምትፈጪ ለንግድ መስሎኝ ስቀናብሽ ከረምሁ።» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች። «ና ውጣ፣ አንተ ግንድ» አለችው።

ጥሩዬ ጉልበታም ሴት ናት። እንደ እህል ስልቻ አዘለችው። እኔ የቆሰለ እግሩን ከኋላ ይዤ በባቄላው ማሳ ውስጥ ለውስጥ ወደ ገደሉ ወረድን። ልጄ ድምፅ እንዳያወጣ ነጠላዬን ነክሶ ይዟል። ከገደሉ ሥር ከብት ከዝናብ የሚጠለልበት ዋሻ አለ፤ እዚያ አስገባነው። ጥሩዬ አብራው ቀረች። እኔ ተመለስሁ፤ ቤቱ ባዶ ከተገኘ ዱካ ይከተላሉ ብዬ ነው።

ገለባውን አነሣሁ፣ ጓዳውን ጠረግሁ፣ እንዝርቴን ይዤ ከምድጃው ዳር ተቀመጥሁ። ብዙም ሳልቆይ መጡ። አንድ ሹምባሽ የሚሉት አለቃ ነበራቸው፤ የቀሩት ባንዶች ናቸው። ቢያድግልኝም አለ። ከእንየው ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፤ እኔ ቤት ስንት ቀን በልቷል።

ጎታውን በጦር ወጉት፤ የቀረችኝ ጤፍ ከወለሉ ፈሰሰች። ቆጡን አፈረሱት። ከጓዳው ጥግ ግን አንዱ የሆነ ነገር አገኘ። ለእንየው ቁስል አስሬው የነበረው ቅጠል ከጨርቁ ጋር ደሙ እንዳለበት ከጎታው ሥር ቀርቷል። እኔ አላየሁትም ነበር።

«የታለ?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ። ደጋግመው መቱኝ። አላውቅም አልሁ። ከዚያ ሹምባሹ ለቢያድግልኝ አንድ ነገር አለው።

ቢያድግልኝ ወደ ምድጃዬ ሄዶ የሚነድ እንጨት መዘዘ። ፊቴን አላየኝም። «እትዬ፣ ውጪ» አለኝ። እትዬ ማለቱን አልተወም። ሣር ክዳን ከውጭ ቢረጥብም ከውስጥ ጢስ የጠጣ ደረቅ ነው። እሳቱን ከሥር ለኮሰው። ሚስቱ እንዳይበርዳት ክረምቱን ሙሉ ስሰጥ የከረምሁት ያው እሳት ነበር።

ከደጅ ተቀምጬ ቤቴ ሲነድ አየሁ። አላለቀስሁም። የነደደው ቤት ነው፣ ልጄ ከዋሻ ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። እነሱም ዶሮዎቼን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። እንየውን ሲመሽ መምሬ አድማሱ ሰው አስይዘው ወደ ሌላ አገር አሻገሩልኝ።

እኔ ጥሩዬ ቤት ሰነበትሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ የመንደሩ ሰው ደቦ ወጥቶ ከነደደው ቦታ ላይ ትንሽ ጎጆ ቀለሰልኝ። ክዳኑ ባለቀ ቀን ሁሉም ከአዲሱ ቤት ገባ። ምድጃው ተጎልቷል፤ እሳት የለም። በእኛ አገር ለአዲስ ቤት እሳት የሚያስገባው የታመነ ጎረቤት ነው። የሽማግሎቹ አለቃ አያ ታረቀኝ «ጥሩዬ ታምጣ» አሉ።

«እሳቴ ያለው ትርንጎ ቤት ነው» አልሁ።

«ቤትሽን ያነደደው ባሏ» አሉኝ አያ ታረቀኝ። «እሳት የምታስገባልሽ እሷ?»

እንግዲህ እውነቱን ብናገር በማግሥቱ ከምሽጉ ይሰማል፤ ቢያድግልኝም ትርንጎን በገዛ እጁ ይገድላታል። ሳልናገር ደግሞ ምን ልበል? «ሳገባ ከእናቴ ቤት ያመጣሁት እሳት ነው» አልሁ። «ሳይጠፋ ነው የኖረ። ቤቴ በነደደ ቀን ጠዋት ከምድጃዬ ጭራ ወስዳለች። አሁን ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው።»

አንዱ አእምሮዋ አልተመለሰላትም አለ። ሌላው እሳትና ውኃ የከለከልነው ቤት ነው ብሎ ተቆጣ። ያን ጊዜ መምሬ አድማሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ «የፈረዳችሁ እሳት እንዳይሰጣት ነው» አሉ። «እሷ እንዳትሰጥ መቼ ፈረዳችሁ?»

ጥሩዬ ብድግ ብላ ከደጅ ወጣችና ቁልቁል ተጣራች። «አንቺ ትርንጎ፣ ለእትዬሽ እሳት ይዘሽ ነይ። ገል ባይኖርሽ በእጅሽ ዝገኚ።»

ትርንጎ ልጇን አዝላ ያንኑ ገል ይዛ መጣች። ሰውን ስታይ ከአጥሩ ዘንድ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ደጁ ቀረበችና ገሉን ከውጭ ሆና ዘረጋችልኝ። እኔ ያስተማርኋት እንደዚያ ነበር።

«ግቢ» አልኋት። «ፍም ከደጅ አይሰጥም።»

በሰው መካከል አልፋ ገባች። ፍሙን ከምድጃው አስቀመጠች፤ ተንበርክካ እፍ አለችበት። ሲያያዝ አያ ታረቀኝ «እሳትሽ አይጥፋ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ትርንጎ ከምንጩ ከሰው ጋር ቀዳች።

ጣሊያን ምሽጉን ለቆ ሲወጣ ቢያድግልኝ አብሮ ሄደ፤ ወሬው የለም። እንየው ተመልሷል፤ ያነክሳል እንጂ ያርሳል። እውነቱን ለመንደሩ የተናገርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው እኔን ቸር ይለኛል። እኔ የሰጠሁት ፍም ነው፤ እሱም ቢሰጡት አይጎድልም። እሷ የሰጠችኝ ግን የራሷንና የልጇን ነፍስ ነው፤ ያውም ደጄ ላይ አቁሜ ላዋረድኋት ለእኔ።

መምሬ አድማሱ በሁሉ ነገር ስጪ ሲሉኝ በድካሜ ላይ ድካም የጨመሩብኝ መስሎኝ ነበር። አሁንም ይደክመኛል። ለማኙ አልቀነሰም፤ ዕድሜም ጨምሯል። ፍርሃቱም ተቀምጦ ቀርቷል፤ ውሻ ሲጮኽ እነሣለሁ።

ትርንጎም አንዳንድ ጠዋት ቤቷ እየጨሰ ገሏን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ግቢዋ ይሄዳል፤ በቅሎ ይፈልጋል። እሷም ታውቃለችና ገና ከሩቅ «ወሬ ልጭር ነው፣ እትዬ፣ አትደንግጪ» ትለኛለች። እኔም «ግቢ» እላታለሁ።